ረስተነው የመጣነው ጠመንጃ

(በጨፋ ሮቢት ለጎልማሳ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

 

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መርሳት ነው። መርሳት የማይደርስበት ሰው የለም። ገበያ ውሎ ዱላውን ሻይ ቤት ትቶ ያልመጣ ከመካከላችን ማን ነው? እርሻ ውሎ ማጭዱን ከድንበሩ ላይ፣ ኮዳውን ከዛፍ ሥር ያልተወ ማን ነው? ማሽላ ስንጠብቅ አድረን፣ ሲነጋ ባትሪያችንን ማማው ላይ ትተን ወርደን እናውቃለን።

ጋቢውን የረሳ ይበርደዋል። ኮዳውን የረሳ ይጠማዋል። ማጭዱን የረሳ ሥራ ይፈታል። ጉዳቱ የራሱ የባለቤቱ ነው። ጠመንጃውን የረሳ ሰውስ? የእሱ ጉዳት ሌላ ሰው ላይ ያርፋል። ባለቤቱ ጠመንጃውን ቢረሳ፣ ጠመንጃው ሥራውን አይረሳም። የባለቤቱ ጣት፣ የሌባ ጣት፣ የሕፃን ጣት ለቃታ ሁሉም አንድ ነው።

በአንድ ጎረቤታችን ላይ የደረሰውን እንንገራችሁ። ስሙን አንጠራም። ሰውየው ዛሬም አብሮን ይኖራል፤ «ሌላው ይማርበት» ብሎ እንድንናገር ፈቅዶልናል።

ጊዜው በጋ ነበር። በበጋ የጨፋ ሜዳ እንዴት እንደሚሞላ ታውቃላችሁ። ሌላው አገር ሣሩ ሲደርቅ፣ ቦርከና የሚያጠጣው ይህ ሜዳ ልምላሜ አይለየውም። ስለዚህ ከብት ከየአቅጣጫው ይወርዳል። አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም፣ አርጎባውም ከብቱን እየነዳ ይገናኝበታል።

ጎረቤታችን ከገበያ የገዛውን ወይፈን እየነዳ ሲመለስ የአሱር ሰላት ደረሰበት። ውዱእ ሊያደርግ ወደ ውኃው ወረደ። ክላሹን ከግራር ግንድ አስደገፈና ጋቢውን ደረበበት። ሰግዶ ቀና ሲል ወይፈኑ የለም። ለካ ደንብሮ ወደ መጣበት ዞሯል። ሰውየው ተከትሎት ሮጠ። ወይፈኑን ይዞ ቤቱ ሲደርስ መሽቷል፤ ትከሻው ግን ባዶ ነው።

በሌሊት ባትሪ ይዞ ተመለሰ። ግራሩን አገኘው። ጋቢው መሬት ላይ ወድቋል። ጠመንጃው የለም።

ለማን ተናገረ? ለማንም። «ጠመንጃውን የጣለ» እንዳይባል አፈረ። ሚስቱ ብትጠይቀው እንኳ «ለዘመድ አውሼዋለሁ» አላት። አንድ ቀን አለፈ። ሁለተኛው ቀን አለፈ። በሦስተኛው ቀን ከወዲያ ማዶ አንድ ጥይት ጮኸ።

ጠመንጃውን ያገኙት እረኞች ነበሩ። ቁጥቋጦ ውስጥ ደብቀው እየተደበቁ ይጫወቱበታል። ያን ቀን አንዱ ልጅ ቃታውን ሳበው። ጥይቱ ሣር ፍለጋ የመጣ የእንግዳ ጊደር መታ። ጊደሯ ወደቀች። ልጆቹ ደንግጠው ጠመንጃውን ጥለው ሸሹ።

የጊደሯ ባለቤት የልጅ ጨዋታ መሆኑን በምን ይወቅ? «ከብታችንን ፈጁት» አለ። ወሬው ሰፈር ሲደርስ «ተኩስ ተከፈተ» ሆኖ ደረሰ። ከወዲህም ከወዲያም መሣሪያ ያለው መሣሪያውን አንግቦ ወጣ። እናቶች ልጆቻቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ደግነቱ አባጋሮች ፈጥነው ከመካከል ገቡ። «የተኮሰው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። የሚያውቅ ጠፋ። ያን ጊዜ ጎረቤታችን ብድግ አለ።

«ጠመንጃው የእኔ ሳይሆን አይቀርም። ረስቼው መጣሁ። አፍሬ ደበቅሁ» አለ።

ይህ ከተነገረ በኋላ የእረኞቹ አባቶች ልጆቻቸውን ጠየቁ፤ ልጆቹም እያለቀሱ ተናገሩ። ጊደሯ ተካሰች። ዱአ ተደረገ። ሁሉም ወደየቤቱ ገባ።

እስቲ እናስብ። ሰውየው በዚያው ሌሊት ተናግሮ ቢሆን ምን ይሆን ነበር? ሲነጋ ጎረቤት ተጠራርቶ ሜዳውን ይፈልግ ነበር። እናቶች እረኞችን ይጠይቁ ነበር። ጠመንጃው ፀሐይ ሳይሞቅ ይገኝ ነበር። ስለዚህ መንደሩን ለእሳት ያቀረበው የአንድ ቀን መርሳት ብቻ አልነበረም። የሦስት ቀን ዝምታው ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ጠመንጃ መጥፋቱን የደበቀም እንዲሁ ነው።

ለምን እናፍራለን? በአገራችን ጠመንጃ ከጥንት ጀምሮ የክብር ዕቃ ስለሆነ ነው። አያቶቻችን «ውጅግራ» የሚሉት ጠመንጃ ከፈረንሳይ አገር የመጣ ነው። ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» ይሉታል፤ ፉዚ ጠመንጃ ማለት ሲሆን ግራ የሠሪው ስም ነው። በእኛ አፍ «ውጅግራ» ሆነ። «ምንሽር» የምንለውም ማንሊኸር ከተባለው ሠሪው ስም የተገኘ ነው። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ብዙ ወገኖቻችን ውጅግራ ይዘው ተዋግተዋል። እንዲህ ያለ ታሪክ ባለበት አገር «ጠመንጃዬን ጣልሁ» ማለት መራራ ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር እናስተውል። ውጅግራ በአንድ ጊዜ የሚጎርሰው አንዲት ጥይት ነው። የክላሽ ካዝና 30 ጥይት ይይዛል። በአያቶቻችን ዘመን የተረሳ ጠመንጃና በእኛ ዘመን የተረሳ ጠመንጃ የሚያደርሱት ጥፋት እኩል አይደለም። ኀፍረታችን ግን ያው የድሮው ነው። መለወጥ ያለበት እሱ ነው።

ደግሞም መርሳት ያልሠለጠነ ሰው ጥፋት ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የቀድሞውን የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮንን የሚጠብቅ አንድ ፖሊስ ሽጉጡን በአውሮፕላን መጸዳጃ ቤት ረስቶ ወጣ። ሽጉጡን ሌላ ተሳፋሪ አገኘው። ፖሊሱ ሥራው መሣሪያ መያዝ ነው፤ ግን ረሳ። በአሜሪካ አገር ደግሞ መንገደኛ አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ዕቃው ይፈተሻል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 ዓ.ም. በዚህ ፍተሻ 6,737 የጦር መሣሪያ በመንገደኞች የእጅ ሻንጣ ውስጥ ተገኘ። ከ100 መሣሪያ 93 ያህሉ ጥይት የተሞላ ነበር። ባለቤቶቹ ሲጠየቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት መልስ «ሻንጣው ውስጥ መኖሩን ረስቼ ነው» የሚል ነው።

ከዚህ ምን እንማራለን? «እኔ አልረሳም» የሚል ሰው ራሱን ያታልላል። የሚያድነን ልማድ ነው። ሦስት ልማዶችን እንያዝ።

አንደኛ፣ የግድ ካልሆነ መሣሪያችንን ከትከሻችን አናውርድ። ለውዱእ፣ ለሰላት፣ ለጸሎት፣ ለለቅሶ፣ ውኃ ለመሻገር ስናወርደው አብሮን ላለ ለምናምነው ሰው እናስይዝ። ብቻችንን ከሆንን ከፊታችን፣ ዐይናችን ከሚያርፍበት ቦታ እናስቀምጠው። ልብስ አንደርብበት። ጎረቤታችን ጋቢ የደረበበት ሊሰውረው ነበር። ከራሱ ዐይን ሰወረው።

ሁለተኛ፣ ጥይት አጉርሰን አናስቀምጥ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ካዝናው ተነቀለ ማለት ጠመንጃው ባዶ ሆነ ማለት አይደለም። ቀድሞ ተቀባብሎ ከነበረ አንዲት ጥይት ውስጡ ትቀራለች። የምትገድለው ያቺ አንዷ ናት። ስለዚህ ጣታችንን ከቃታው አርቀን፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት እናዙር። መጀመሪያ ካዝናውን እንንቀል። ከዚያ አቀባብለን የጎረሰችውን ጥይት እናውጣ። መውጣቷንም በዐይናችን እንይ። ቤት ስንደርስም ጠመንጃውን በተቆለፈ ሳጥን፣ ጥይቱን ለብቻው እናስቀምጥ። ከመደብ ሥር የተደበቀን ነገር ከአባወራው በፊት የሚያገኘው ልጅ ነው።

ሦስተኛ፣ ከተቀመጥንበት ስንነሣ ወዲያው አንሂድ። አንድ እርምጃ ተራምደን ወደ ኋላ ዞረን ቦታውን እንይ። ዱላ፣ ኮዳ፣ ባትሪ፣ ጋቢ፣ ጠመንጃ እያልን እንቁጠር። ዕቃ ለመቁጠር ጊዜ አይፈጅም።

እናቶችና እኅቶች! እናንተም ድርሻ አላችሁ። ባለቤታችሁ ወይም ልጃችሁ ትከሻው ባዶ ሆኖ ሲገባ «የት አደረግኸው?» ብላችሁ ጠይቁ። «አውሼዋለሁ» ቢል «ለማን?» በሉት። ጥያቄው ለጭቅጭቅ አይደለም፤ የሰው ልጅ ሕይወት ያድናል።

መሣሪያ ጥሎ የሚሄደው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። ጦር ሠራዊትም ጥሎ ይሄዳል። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን ብዙ ወታደር መሣሪያውን ጥሎ ወይም ሸጦ አገሩ እንደገባ ትልልቆቻችን እናስታውሳለን። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያም ጦርነቱ እኛው ዘንድ፣ እስከ ከሚሴና ከዚያም አልፎ መጣ። ጦርነት ያለፈበት አገር ጥይትና ያልፈነዳ ቦምብ ይቀርበታል። ዝናብ አፈሩን ሲያጥበው ብቅ ይላል፤ ማረሻ ሲነካው ይወጣል። ዝጓል ብለን አንናቀው። የዛገ ቦምብም ይፈነዳል። አንንካው፤ አንወርውረው፤ እሳት ውስጥ አንጨምረው፤ ለቆራሌው ብለን አናንሣው። ራቅ ብለን ምልክት እናድርግ፤ ልጆችን እናርቅ፤ ለቀበሌና ለፖሊስ እንናገር።

አሁን ወደ ትምህርታችን እንምጣ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ጎልማሳ «በዚህ ዕድሜዬ ፊደል ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ጠይቋል። አንዱ ጥቅሙ ይኸውላችሁ። በጠመንጃው ብረት ላይ የተቀረጸ ቁጥር አለ። ቁጥሩ የጠመንጃው ስም ነው። ሁለት ክላሽ መልካቸው አንድ ቢሆን በቁጥራቸው ይለያሉ። ማንበብ ሳንችል ያንን ቁጥር ሌላ ሰው ያነብልን ነበር። ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ከብረቱ ጋር አንድ መሆኑን አናውቅም ነበር። አሁን ግን ዐይናችን ተከፍቷል። ዛሬ ማታ ቁጥሩን ራሳችን አይተን በደብተራችን እንጻፍ። አጠገቡ የባዕድ ፊደል ካለ ቅርጹን አስመስለን እንቅዳ። ከፈቃዱ ጋር እናመሳክር።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 1177፣ መሣሪያ የሚያዘው በፈቃድ እንዲሆን ደንግጓል። መሣሪያው የጠፋበት ሰው በዚያው ቀን በአቅራቢያው ላለ ፖሊስ ያመልክት። ማመልከቻው ረጅም መሆን የለበትም። እንዲህ ተብሎ ይጻፋል፦

«ቀን ……

ለ…… ፖሊስ ጽሕፈት ቤት

እኔ …… የ…… ቀበሌ ነዋሪ ነኝ። ቁጥሩ …… የሆነ፣ በፈቃድ የያዝሁት ክላሽ ጠመንጃ በ…… ቀን፣ በ…… ሰዓት፣ …… በተባለ ቦታ ጠፍቶብኛል። በውስጡ …… ጥይት ነበረበት። በሌላ ሰው እጅ ገብቶ ጉዳት እንዳያደርስ በቶሎ አመለከትሁ።

ፊርማ ……»

ይህን ወረቀት በሁለት ጽፈን አንዱን ማኅተም አስደርገን እናስቀር። ጠመንጃው በሌላ እጅ ገብቶ ጥፋት ቢያደርስ፣ መቼ እንደጠፋና መቼ እንደተናገርን ወረቀቱ ይመሰክራል።

ፈቃድ የሌለውስ? «ብናገር እታሰራለሁ» ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱ ይገባናል። ነገር ግን ሰው ከሞተበት በኋላ የሚመጣው ከዚህ ይብሳል። ብቻውን መሄድ ከፈራ ለአባጋሮች ይንገር፤ ይዘውት ይሂዱ። ብቻ ዝም አይበል።

ለሰሚውም አንድ ቃል አለን። ጎረቤታችን «ጠመንጃዬ ጠፋ» ብሎ ሲመጣ አንሳቅበት። ዛሬ የሳቅንበት ሰው ነገ ይደብቃል። አብረነው ተነሥተን እንፈልግ።

የዛሬው ንግግራችን እዚህ ላይ ያበቃል። ስትነሡ የተቀመጣችሁበትን ዞራችሁ እዩ። ደብተራችሁንም እንዳትረሱ። ማታ የጠመንጃው ቁጥር ይጻፍበታል።