የሙዚቀኛው የሥራ ዋጋና የማኅበሩ ድርሻ

ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን የምሥረታ በዓል የቀረበ ንግግር







በገበሬዎች በዓል ላይ ስለ ሙዚቀኞች ማኅበር መነገሩ ለአንዳንዱ ተሰብሳቢ እንግዳ ነገር ሊሆን ይችላል። ጉዳዩ ግን ሩቅ አይደለም። በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፣ በሾኔም ሆነ በሺንሺቾ ሠርግ ወይም በዓል ሲደገስ የድንኳኑ ኪራይ፣ የወንበሩ ኪራይ፣ የሰንጋው ዋጋ ቀድሞ ይታወቃል። የሙዚቀኛው ዋጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው በመጨረሻ ነው፤ ያውም በቃል። «ድግሱ የራስህ ነው፣ ተባበረን» ይባላል። ሙዚቀኛው ብቻውን ስለሆነ ይስማማል። እምቢ ቢል ኪቦርድ ተሸክሞ የሚመጣ ሌላ ወጣት እንደማይጠፋ ያውቃል።

ይህን ዓይነቱን ድርድር ገበሬ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ስንዴውን በአህያ ጭኖ ለብቻው ገበያ የወጣ ሰው ነጋዴው የጠራለትን ዋጋ ተቀብሎ ይመለስ ነበር። እህሉን መልሶ ወደ ቤት እንዳይጭን የማዳበሪያ ዕዳ፣ የልጅ ትምህርት፣ የመድኃኒት ወጪ ይጠብቀዋል። ዩኒየን ያስፈለገውም ለዚሁ ነው። ሙዚቀኛውም የሚሸጠው ነገር ይለያል እንጂ ችግሩ አንድ ነው። እንዲያውም የእርሱ ይብሳል። ስንዴ ጎተራ ገብቶ ዋጋ እስኪሻሻል ሊቆይ ይችላል። ያልተሠራበት የሠርግ ቅዳሜ ግን በጎተራ አይቀመጥም።

ክቡራንና ክቡራት፣

የሙዚቀኛው ኑሮ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስ ሠራዊትና በምድር ጦር የሙዚቃ ክፍሎች፣ እንዲሁም በሀገር ፍቅርና በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር የሚሠሩ ሙዚቀኞች ደመወዝተኞች ነበሩ። ትንሽም ብትሆን በየወሩ የምትመጣ ገንዘብ ነበረቻቸው። ከዚያ በኋላ የሆቴልና የምሽት ክበብ ባንዶች እየበዙ ሲሄዱ የብዙው ሙዚቀኛ እንጀራ በመድረክ ክፍያ ላይ ተንጠለጠለ። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ በታወጀ ጊዜ የምሽቱ ሥራ ምን ያህል እንደተጎዳ በዚያን ጊዜ የሠሩ ሁሉ የሚያስታውሱት ነው።

የካሴቱ ዘመንም የራሱ ችግር ነበረው። ድምፃዊው ሥራውን ለሙዚቃ ቤት አንድ ጊዜ ሸጦ ይወጣል። ካሴቱ ቢወደድ ተጨማሪ የሚያገኘው ነገር አልነበረም። በዚያ ላይ ካሴቱ በወጣ በቀናት ውስጥ ተባዝቶ በየመንደሩ ይሸጥ ነበር። ሙዚቃ ቤቱ «በቅጂ ከሰርኩ» እያለ ለሚቀጥለው ሥራ የሚከፍለውን ይቀንሳል። ኪሳራው መጨረሻ ላይ የሚያርፈው በሙዚቀኛው ጫንቃ ላይ ነበር።

በዚህ ሁኔታ በግል ማልቀስ ዋጋ እንደሌለው የተረዱት ሙዚቀኞች በማኅበራቸው አማካይነት የወሰዱት እርምጃ ለማንኛውም ማኅበር ትምህርት የሚሆን ነው። በ1995 ዓ.ም. ሥራቸውን የሚጠብቅ ሕግ እስኪወጣ ድረስ አዲስ አልበም ላለማውጣት ተስማሙ። ለወራት በሙዚቃ ቤቶች አዲስ ሥራ ጠፋ። ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም፤ ደመወዝ የሌለው ሰው ሥራ አቆመ ማለት ገቢውን በገዛ እጁ አቆመ ማለት ነው። አንድ ድምፃዊ ብቻውን ይህን ቢያደርግ ኖሮ ከመረሳት በቀር የሚያተርፈው አልነበረም። በ1996 ዓ.ም. የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ። አዋጁ የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ለድምፃዊውና ለሙዚቃ ተጫዋቹም በሕጉ አጠራር «ከዋኝ» በሚል ስም መብት ይሰጣል። ይህ ጥበቃ የዘፋኝን ሥራ ከዘማሪ ሥራ አይለይም። ስለዚህ በሀዲያና በከምባታ ከተሞች መዝሙር ደርሰው የሚያሳትሙ ዘማርያንም የሕጉ ባለቤቶች ናቸው።

ከዚህ ላይ ስንዴና ዘፈን የሚለያዩበትን ነጥብ ማየት ያስፈልጋል። ስንዴ ከተሸጠ በኋላ የገዢው ነው፤ ተፈጭቶ፣ ተጋግሮ፣ ተበልቶ ያልቃል። ዘፈን ግን ከተሸጠም በኋላ መሥራቱን አያቆምም። በሬዲዮ ይሰማል፣ በሆቴል አዳራሽ እንግዳ ያስተናግዳል፣ በሚኒባስ ውስጥ መንገደኛ ያጫውታል። እያንዳንዱ አጠቃቀም ሊያስከፍል የሚችለው ሳንቲም ነው። ሳንቲሙ ሲጠራቀም ግን የአንድ ቤተሰብ ቀለብ ይሆናል። ችግሩ ማን ይሰብስበው የሚለው ነው። የሆሳዕና አንድ ድምፃዊ በዱራሜ፣ በሀዋሳና በአዲስ አበባ ያሉትን ሆቴሎችና ጣቢያዎች እየዞረ «ዘፈኔን ስንት ጊዜ አጫወታችሁ?» ብሎ ሊጠይቅ አይችልም። የመኪናው ወጪ ብቻ ከሚያገኘው ይበልጣል።

በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872/2007 ለዚህ ጥያቄ መንገድ ያበጀ ነው። የመብቱ ባለቤቶች በጋራ አስተዳደር ማኅበር ተደራጅተው ሮያሊቲ የሚባለውን ክፍያ በአባላቱ ስም እንዲሰበስቡና እንዲያከፋፍሉ ይፈቅዳል። ነገሩ ከወተት ማሰባሰቢያ ጣቢያ ጋር ይመሳሰላል። አንድ ሊትር ይዞ የመጣውም አሥር ሊትር ይዞ የመጣውም በመዝገብ ይሰፍራል፤ በስሙ ባልተመዘገበ ወተት ግን ማንም አይከፈለውም። በሀዲይሳና በከምባቲሳ የሚሠሩ ድምፃውያን የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። በያሆዴና በመሳላ በዓላት ዘፈናቸው በየሰፈሩ ይሰማል። ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን እንደሆነ በጽሑፍ ካልተያዘ ግን ነገ ክፍያ ቢመጣ የሚቀበለው ሰው አይታወቅም። ስለዚህ ሙዚቀኞች ማኅበር ለአባሉ ሊያደርግለት ከሚገባው የመጀመሪያው ሥራውን ማስመዝገብ ነው።

የተከበራችሁ ተሰብሳቢዎች፣

የሌላውን ዓለም ተሞክሮ ማየትም ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር የሙዚቀኞች ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1893 በማንቸስተር ከተማ ነው። በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1944 የሙዚቀኞች ፌዴሬሽን አባላቱ ሸክላ እንዳይቀርጹ ከለከለ። ምክንያቱም የተቀረጸው ሸክላ መድረክ ላይ የሚጫወተውን ሰው ሥራ እያሳጣው ነበር። በዚያ ትግል የሸክላ ኩባንያዎች ከሽያጫቸው ለሙዚቀኞች ፈንድ እንዲከፍሉ ተስማሙ፤ ገንዘቡም ሕዝብ በነፃ ለሚታደማቸው ዝግጅቶች ሙዚቀኞችን መቅጠሪያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1948 ደግሞ የየአገሩን ማኅበራት የሚያገናኝ ዓለም አቀፍ የሙዚቀኞች ፌዴሬሽን በዙሪክ ተቋቋመ።

ማኅበር በክፉ ቀን ምን እንደሚሠራ የኮሮና ወረርሽኝ በግልጽ አሳይቷል። በ2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ሠርጉም፣ ምሽት ክበቡም፣ በዓሉም በአንድ ቀን ቆመ። ገበሬው እርሻው ላይ ነበር፤ መምህሩ ደመወዙ አልተቋረጠም። በመድረክ የሚከፈለው ሙዚቀኛ ግን ገቢው ዜሮ ሆነ። የእንግሊዙ ማኅበር በዚያው ወቅት የ1 ሚሊዮን ፓውንድ የችግር ጊዜ ፈንድ አቋቁሞ ለአባላቱ 200 ፓውንድ በነፍስ ወከፍ ሰጠ። ገንዘቡ በደህና ጊዜ በመዋጮ የተከማቸ ባይሆን ኖሮ በክፉ ቀን ከየትም አይመጣም ነበር። በኢትዮጵያ ግን አንድ ታዋቂ ድምፃዊ ሲታመም ብዙ ጊዜ የሚታየው በመገናኛ ብዙኃን የእርዳታ ጥሪ ነው። ሕዝቡ ደግ ስለሆነ ይረዳል። ይሁን እንጂ ዕድሜውን ሙሉ ሕዝብ ያስደሰተ ሰው መታከሚያውን በልመና እንዲያገኝ መደረጉ ለሙያውም ለአገሩም ክብር አይደለም። በትንሽ ከተማ ላለው፣ ስሙ ከወረዳው ውጭ ለማይታወቀው የመሣሪያ ተጫዋች ደግሞ ጥሪው እንኳ አይደረግለትም።

ለምን የሠራተኛ ማኅበር አያቋቁሙም የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሠራተኛ ማኅበር የሚቋቋመው በድርጅት ለተቀጠሩ ሠራተኞች ነው። የሠርግ ሙዚቀኛ ግን ዛሬ አንድ ቤተሰብ፣ ነገ አንድ ሆቴል፣ ከነገ ወዲያ አንድ መሥሪያ ቤት ያሠራዋል። ቋሚ አሠሪ የለውም። በዚህ ምክንያት የሙዚቀኞች ዋና መሣሪያ የሙያ ማኅበር ሆኗል። የኢትዮጵያ ሙዚቀኞች ማኅበርም የሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ነገር ግን አዲስ አበባ ከሆሳዕና ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ቅዳሜ ማታ በዱራሜ የክፍያ ጠብ ሲነሣ ከዚያ ድረስ ሄዶ የሚያቤት የለም። ማኅበር ለአባሉ የሚጠቅመው በአቅራቢያው ሲገኝ ነው።

በአቅራቢያ ያለ ማኅበር ሊሠራቸው የሚችላቸው ተግባራት ውስብስብ አይደሉም። አንደኛ፣ አንድ ገጽ የሆነ የውል ናሙና ማዘጋጀት፤ ይኸውም ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቀብዱን፣ መጓጓዣውን፣ ድግሱ ቢሰረዝ የሚከፈለውን የሚገልጽ ነው። ሁለተኛ፣ አባላት ከእርሱ በታች ላለመውረድ የሚስማሙበትን ዝቅተኛ ክፍያ መወሰን። ሦስተኛ፣ ክርክር ሲነሣ ሁለቱንም ወገን የሚሰማ ኮሚቴ ማቆም። አራተኛ፣ ኪቦርድ፣ ሚክሰርና ድምፅ ማጉያ በጋራ ገዝቶ ለአባላት በቅናሽ ማከራየት። ወጣቱ ሙዚቀኛ ዛሬ ከሚያገኘው ላይ ብዙውን ለመሣሪያ አከራይ ነው የሚያስረክበው። አምስተኛ፣ በየወሩ እየቆጠበ ለሕመምና ሥራ ለሚጠፋበት ወቅት መጠባበቂያ መያዝ ነው።

ከእነዚህ መካከል የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ለዚህ ጉባኤ አባላት አዲስ አይደሉም። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ማቋቋም የገበሬ ብቻ መብት አይደለም። በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ያሉ ድምፃውያን፣ ዘማርያን፣ ተወዛዋዦችና የመሣሪያ ተጫዋቾችም በዚያው ሕግ ሊደራጁ ይችላሉ። መተዳደሪያ ደንብ እንዴት እንደሚረቀቅ፣ ሒሳብ እንዴት እንደሚያዝ፣ ኦዲት ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያስተምሯቸው ሰዎች እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል።

እርግጥ ነው፣ ማኅበር በስም ብቻ ከቆመ አይጠቅምም። በደርግ ዘመን ከላይ በትእዛዝ የተቋቋሙት የገበሬዎች አምራች ማኅበራት በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ በአጭር ጊዜ መፍረሳቸውን ብዙዎች ያስታውሳሉ። አባሉ የእኔ ያላለው ማኅበር አጋጣሚ ሲያገኝ ይፈርሳል። የሙዚቀኞች ማኅበርም መዋጮ የማይከፍል አባል፣ ሒሳብ የማያሳይ አመራር፣ በስብሰባ የተስማማበትን ዋጋ በጓሮ የሚሰብር ተጫዋች ከበዛበት ዕጣው ያው ነው። ዋጋ የሚሰብረው ሙዚቀኛ ዛሬ አንድ ሥራ ያገኛል፤ በሚቀጥለው ወር ግን በዚያ በሰበረው ዋጋ ራሱ ይቀጠራል። ከማኅበሩ ተደብቆ ምርቱን ለነጋዴ በርካሽ የሚሰጥ አባልም የሚደርስበት ይኸው መሆኑን ገበሬው ያውቃል።

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደሚሰደዱ የታወቀ ነው። ከሚሄዱት ውስጥ እጁ ክራር ወይም ኪቦርድ የለመደ ወጣት ይኖራል። ሙያው ቢያኖረው ኖሮ በአገሩ የመቆየት ዕድሉ ይሰፋ ነበር። ዛሬ ሆሳዕና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት፤ ዱራሜም የክልል ቢሮዎች የሚገኙባት ከተማ ናት። ስብሰባው፣ ምረቃው፣ በዓሉ በዝቷል፤ የሙዚቀኛው ሥራም አብሮ በዝቷል። መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ለአዳራሽ ጌጥና ለምሳ በጀት ሲይዝ ለሙዚቀኛውም በጽሑፍ ውል በጀት ቢይዝ፣ የባህልና የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቶችም አዲስ ለሚደራጁት የምዝገባና የሥልጠና ድጋፍ ቢሰጡ ትልቅ ወጪ አይጠይቅም።

የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ምሳሌ መሆን ይችላሉ። በየዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤና በዓል ያካሂዳሉ፤ ሙዚቀኛም ይጠራሉ። ለገበሬው ትክክለኛ ሚዛን የጠየቀ ማኅበር ለሙዚቀኛው ትክክለኛ ክፍያ ቢነፍግ ከመሠረተ ሐሳቡ ጋር ይጣላል። ከሚቀጥለው በዓል ጀምሮ ሙዚቀኛው ውል ፈርሞ፣ ቀብዱን ተቀብሎ መድረክ ላይ ቢወጣ፣ ሥራው ሲያልቅም ቀሪ ሒሳቡ ሳይጓተት ቢከፈለው ጅማሬው ተጀመረ ማለት ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን አባባል ለገበሬዎች ዩኒየን መድገም አያስፈልግም፤ ሠርቶ አሳይቶታልና። የቀረው ይኸው ልምድ ለጎረቤት ሙያ እንዲደርስ ማድረግ ነው።