በሳምንት አንድ ቀን

የተሰጠኝ ሰዓት አጭር ስለሆነ ስለ አንድ መድኃኒት ብቻ ላውራ፤ ስለ ሜቶትሬክሴት። ለሩማቶይድ አርትራይተስ ዋነኛ መድኃኒታችን ነው፤ የሚወሰደው ግን በሳምንት አንድ ቀን ነው። የግፊቱንም የስኳሩንም ኪኒን በየቀኑ መዋጥ የለመደች እናት ይህንንም በየቀኑ ብትውጠው ምን ይገርማል? አፍ ይቆስላል፤ ቀጥሎ የአጥንት መቅኔ ደም ማምረቱን ያቆማል፤ ነጭ የደም ሴሉም ፕሌትሌቱም ይወርዳል። ሰው ይሞትበታል እኮ! ኩላሊት ከደከመ ደግሞ በትክክለኛው መጠንም ይኸው ሊደርስ ይችላል።

ለሽንት ኢንፌክሽን በቀላሉ የምንጽፈው ኮትሪሞክሳዞልም አለ። ሁለቱም ፎሌትን ስለሚቃወሙ አብረው መሰጠት የለባቸውም።

እኔ ማዘዣው ላይ «በሳምንት አንዴ» ብሎ መተው አይበቃም ባይ ነኝ። ቀኑ በስሙ ይጻፍ፤ «ሰኞ ብቻ» ተብሎ። ታካሚዋም ከክፍሉ ከመውጣቷ በፊት ቀኑን በራሷ አፍ ትንገረን። «አፌ ቆሰለ» ብላ ከመጣች ደግሞ የአፍ መጉመጥመጫ ሰጥቶ መሸኘት የለም፤ ሜቶትሬክሴቱ ይቁም፣ ሲቢሲ በዚያው ቀን ይሠራ፣ መቅኔው ከተጎዳ ፎሊኒክ አሲድ ሳይውል ሳያድር ይጀመር። ፎሊክ አላልኩም፤ ፎሊኒክ ነው። መምህሮቼ፣ ይህቺን ለተማሪዎቹ ደጋግሙልን።