ኮምፒዩተሩ ምን ያህል ይጻፍ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ አንድ የቀድሞ ተማሪ ያደረገው ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጆች ስለ ሥራዬ ጥቂት እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ ደስታም ፍርሃትም ተሰማኝ። ደስታው በዚህ ቅጥር ግቢ ስለ ተማርሁ ነው፤ ፍርሃቱ ግን ሥራዬ ለዓይን የማይታይ በመሆኑ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የራጅ፥ የአልትራሳውንድና የሲቲ ስካን ምስሎች ከማንሻው መሣሪያ ወደ ሐኪሙ ጠረጴዛ የሚያልፉባቸውን ኮምፒዩተሮች የምጠብቅ ሠራተኛ ነኝ። ከቦኖሻ ተነሥቶ ሆሳዕና ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ድረስ የሄደ ዘመድ የሌለው በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። እኔ የሠራሁት ግን በሌላ ስፍራ ነውና የምነግራችሁ ጥፋት የዚያ ሆስፒታል አይደለም።

እዚህ ስማር የክፍል አለቃ ነበርሁ። መምህሩ ሲወጡ «የሚረብሹትን ጻፍ» ይሉኛል። አንድ ቀን የተደባደቡትን ብቻ እጽፋለሁ ብዬ ወረቀቴ ባዶ ቀረ፤ መስኮቱን ማን እንደ ሰበረውም ሊታወቅ አልቻለም። በማግስቱ ያንሾካሾከውን፥ ያዛጋውን፥ እርሳስ የጣለውን ሁሉ ጻፍሁ። መምህሩ 3 ገጽ ሙሉ ቢያዩ ሳያነቡት መለሱልኝ፤ እኔም የዕለቱን ሒሳብ ሳልሠራ ዋልሁ። ሎግ የሚባለው የኮምፒዩተር የውሎ መዝገብ ችግሩ ይኸው ነው።

ለምሳሌ ኦርታንክ የተባለውን ፕሮግራም እንውሰድ። የሕክምና ምስሎችን ተቀብሎ የሚያስቀምጥ ነጻ ፕሮግራም ሲሆን ሴባስቲየን ዦዶኝ በቤልጅየም አገር በሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ጀምሮት በ2012 በአውሮፓ አቈጣጠር ለሕዝብ ወጣ። ሎጉ 3 ደረጃዎች አሉት። በተለመደው ደረጃ ማስጠንቀቂያንና ስሕተትን ብቻ ይጽፋል። ቨርቦዝ በሚባለው የሚሠራውን ሥራ ጭምር ይተርካል። ትሬስ በሚባለው ግን አንድም ዝርዝር አያስቀርም። ደረጃውን ፕሮግራሙ ሳይቆም መለወጥ ይቻላል። ደግሞም ለአንድ ክፍል ብቻ፥ ይኸውም መሣሪያዎቹ ለሚነጋገሩበት ዳይኮም ለተባለው ቋንቋ ብቻ፥ ከፍ ማድረግ ይቻላል።

አንድ ጊዜ አዲስ አልትራሳውንድ መጣ። ቴክኒሻኗ «ልኬአለሁ» ትላለች፤ ሐኪሙ «አልደረሰኝም» ይላሉ። የተለመደው ሎግ ምክንያቱን አልነገረንም። የዳይኮሙን ደረጃ ብቻ ከፍ አድርጌ አንዲት ምስል እንድትልክ ለመንኋት። በዳይኮም እያንዳንዱ መሣሪያ ከ16 ፊደል የማይበልጥ መጠሪያ አለው። አልትራሳውንዱ ኮምፒዩተራችንን አንድ ፊደል በጐደለ ስም ሲጠራውና ሲመለስ በሎጉ ላይ ተጽፎ አገኘሁት። 10 ደቂቃም አልፈጀ።

በዚህ ኰራሁ መሰለኝ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ ችግር ሲመጣ ሁሉንም ክፍል በትሬስ ላይ አድርጌ ዓርብ ማታ ወደ ቤቴ ሄድሁ። አንድ የሲቲ ስካን ቁራጭ ምስል ብዙውን ጊዜ ቁመቱና ወርዱ 512 በ512 ነጥብ ነው፤ አንድ በሽተኛ ደግሞ በመቶ የሚቈጠሩ ቁራጮች ሊኖሩት ይችላል። ለእያንዳንዷ ቁራጭ የሚደረገው ንግግር ሁሉ ይጻፍ ነበር። ሎጉና ምስሎቹ የሚቀመጡት በአንድ ዲስክ ላይ ነበርና፥ ይህም የእኔው ስንፍና ነው፥ ቅዳሜ ሌሊት ዲስኩ ሞላ። በዚያው ሰዓት ከዛፍ ወድቆ ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ሲቲ ስካን ተነሥቶ ምስሉ ቢላክ ኮምፒዩተሩ አልቀበልም አለ። በስልክ ተጠርቼ ስደርስ አባትየው በኮሪደሩ ቆመው «ምስሉ ጠፍቶ ከሆነ ልጄን እንደገና ልታስገቡት ነውን?» አሉኝ። እንደገና ማንሣት እንደገና ጨረር ማለት መሆኑን እኔም አውቅ ነበር። ደግነቱ ምስሉ በመሣሪያው ውስጥ ነበረና ሐኪሙ እዚያው ወርደው አዩት። ልጁም ድኗል። እኔ ግን ለአባትየው ምን ብዬ እንደ መለስሁ አላስታውስም።

ዲስኩን የሞላውን ሎግ በኋላ ሳነብ የብዙ በሽተኞች ስም ከነምርመራቸው ተጽፎ አየሁ። ፕሮግራም ለሚያውቅ ወዳጄ ልልከው አስቤ ነበርና እጄ ቀዘቀዘ። ሐኪሙ ጮክ ብሎ የማይናገረውን ነገር እኔ ኮምፒዩተሩን ሳስለፈልፈው ከርሜአለሁ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና ነገር ልዩ ጥንቃቄ እንዲደረግለት ያዛል፤ እኔ ግን ያን ዕለት ያሰብሁት አዋጁን ሳይሆን የአክስቴን ስም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሎጉን በሌላ ዲስክ አኖራለሁ፤ የሞላ እንደ ሆነም አሮጌው እንዲሰረዝ አድርጌአለሁ። ደረጃውን ከፍ የማደርገው ችግር በታየበት ክፍል ላይ ብቻ ነው፤ ችግሩ ሲደገም ካየሁም ወዲያው እመልሰዋለሁ። ከኮምፒዩተሩ አጠገብ አንዲት ወረቀት ለጥፌአለሁ፤ ማን፥ በስንት ሰዓት ከፍ እንዳደረገውና መቼ እንደሚመለስ በእስክሪብቶ ይጻፍባታል። ወጣቶቹ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል፤ ወረቀቷ ላይ ሳይጽፍ የሚነካው ግን እስካሁን የለም።