ፍላጎታችን የማን ነው?
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዕረፍት ቀናችን በምግብ ቤት ሳህን እያጠብን፣ በመጋዘን ዕቃ እየተሸከምን የምናገኛት ገንዘብ ወዴት እንደምትሄድ ቆጥረናት እናውቃለንን? አሮጌው ስልክ ደኅና እየሠራ ሳለ አዲሱን በዱቤ ወስደን ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ የምንከፍል ጥቂቶች አይደለንም። አባቶቻችን ይህን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሉታል። ነገር ግን ጥፋቱ የእያንዳንዳችን ድክመት ብቻ ነው ብለን ብናልፈው ነገሩን ከሥሩ አላየነውም።

ከሥሩ ለማየት ከደከሙት መካከል እ.ኤ.አ. በ1923 በፍራንክፈርት የተቋቋመው የኅብረተሰብ ምርምር ተቋም ሊቃውንት ይገኛሉ። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ተቋሙ ተዘጋ፤ በ1934 የኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ አስጠለለው። ማክስ ሆርክሃይመርና ቴዎዶር አዶርኖ በስደት ሳሉ ጽፈው በ1947 በአምስተርዳም ባሳተሙት መጽሐፍ ሲኒማውን፣ ራዲዮውንና መጽሔቱን በአንድነት «የባህል ኢንዱስትሪ» አሉት። በረቂቃቸው «የብዙኀን ባህል» ብለውት ነበር፤ ይህ ስም ግን ባህሉን ከራሱ ከሕዝቡ የፈለቀ ያስመስለዋል ብለው ለወጡት። እኛ እንደምንረዳው፣ ፋብሪካው ጫማውን ሲሠራ ጫማውን የሚመኘውንም ሰው አብሮ ይሠራል ማለታቸው ነው።

ባልደረባቸው ኸርበርት ማርኩዜ በ1964 ባወጣው መጽሐፍ ፍላጎትን በሁለት ከፈለው። ምግብ፣ ልብስና መጠለያ ያለ ክርክር መሟላት የሚገባቸው ናቸው። ልፋትንና ጭቆናን ለማስቀጠል በውጭ ኀይል የሚጫኑብን ፍላጎቶች ግን፣ ስናገኛቸው ብንደሰትም እንኳ፣ ሐሰተኞች ናቸው አለ። ሠራተኛውና አሠሪው አንድ የቴሌቪዥን ትርዒት ማየታቸውም የመደብ ልዩነት መጥፋቱን እንደማያሳይ አስረዳ።

ዛሬ የሱቁ መስኮት በኪሳችን ገብቷል። ያየነውና የፈለግነው ሁሉ እየተመዘገበ ለእያንዳንዳችን የሚስማማው ማስታወቂያ ተመርጦ ይቀርብልናል፤ ትኩረታችን ራሱ ለአስተዋዋቂ የሚሸጥ ሸቀጥ ሆኗል።

ሆኖም የሊቃውንቱን ቃል እንደ ዳዊት ልንደግም አይገባም። እነርሱ የጻፉት ዕቃ ስለ ተትረፈረፈበት ኅብረተሰብ ነው። ከወንዝ ውሃ በእንስራ ተሸክማ ዳገት ለምትወጣ እናት ቧንቧው፣ በኩራዝ ለሚያጠና ልጅ የኤሌክትሪክ መብራቱ ሐሰተኛ ፍላጎት ነው የሚል ቢኖር፣ ጠግቦ የሚናገር ሰው ነው። ደግሞም ሰው ሁሉ እንደ ሰም የተሰጠውን ቅርጽ ብቻ የሚይዝ አይደለም። ስቱዋርት ሆል በ1973 እንዳስረዳው፣ ተመልካች የቀረበለትን መልእክት ሊቀበለው፣ በራሱ መንገድ ሊያሻሽለው ወይም ሊቃወመው ይችላል።

እንግዲህ ጥያቄው ወደ እኛ ይመለሳል። ለዕረፍት ወደ አገር ስንገባ ሻንጣችን ምን ይናገራል? ታናናሾቻችን ጫማችንንና ስልካችንን ያያሉ፤ ከበስተኋላው ያለውን የሌሊት ሥራና ዕዳ ግን አንነግራቸውም። የዱቤ ዕዳ ለመክፈል የሥራ ሰዓት ጨምሮ ከፈተና የቀረ ጓድ በመካከላችን አለ። እርሱም ቢሆን ለቤተሰቡ የላከው ፎቶግራፍ ከአዲስ መኪና አጠገብ የተነሣውን ነው። እንዲህ ስናደርግ የኩባንያዎቹን ማስታወቂያ ያለ ደመወዝ ተሸክመን አገራችን ድረስ እናደርሳለን፤ ልጁም ትምህርቱን ትቶ ሻንጣውን ይመኛል።

መግዛት ኀጢአት ነው አንልም። ለእናታችን መድኀኒት፣ ለወንድማችን መጽሐፍ መግዛት ክብር ነው። የምንለው፣ ከመግዛታችን በፊት ይህን ፍላጎት ማን እንዳስተማረን እንጠይቅ ነው። ስለዚህ እያንዳንዳችን ለአንድ ወር ወጪያችንን በደብተር እንጻፍ፤ ወደ ቤት ስንጽፍም የኑሯችንን እውነት ሳንሸሽግ እንጻፍ። በሚቀጥለው ስብሰባ ደብተራችንን ይዘን እንገናኝ።