መኪናው ሲበላሽ ማን ይሥራው?
(በዘነበወርቅ ለማታ ትምህርት ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማነጋግራችሁ ስለ መኪና ነው። «እኛ በሬ እንጂ መኪና የለን» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ከመካከላችሁ ልጁ ሚኒባስ የሚነዳ አለ። እህሉን በአይሱዙ አስጭኖ ገበያ የሚወስድም አለ። መኪና ሲበላሽ ወጪው ከእናንተው ኪስ ነው።

እስቲ የአባቴን ነገር ላውጋችሁ። አባቴ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። አንድ ቀን ወደ አየር ጤና ሲሄድ የሞተሩ ውሃ ፈላ። ቆመና የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዞ አዞረው። የፈላው ውሃ ተተኩሶ ክንዱን ገሸለጠው። ሁለት ወር ሙሉ ሥራ ፈታ። ውሃ መጨመርማ የሹፌር ሥራ ነው፤ መካኒክ አይጠራም። ያጠፋው አለመታገሡ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደጋ አገር ባቄላ ቶሎ እንደማይበስል እናቶች ታውቃላችሁ። አዲስ አበባ ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነች ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን ግን ውሃውን አምቆ ይይዘዋል። ታምቆ ከ100 ዲግሪ በላይ ይግላል እንጂ አይፈላም። ክዳኑ ሲከፈት ያ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይገነፍላል። ስለዚህ ሞተሩን አጥፍቶ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነው፤ አንድ ሰዓትም ቢፈጅ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከጥንቱ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። አለርትም በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው እዚሁ ነው። ከበሽታው ድነው አብረውን የሚኖሩ ወገኖች አሉ። የእጁ ስሜት የጠፋበት ሰው የጋለ ብረት ቢነካ አይሰማውም። ለእርሱ ሙቀቱን ሌላ ሰው ይንካለት።

አባቴ ከዳነ በኋላም ውሃው መፍላቱን አልተወም። አንድ ጋራዥ «ሞተሩ ይውረድ» አለው። ገንዘቡን ሲሰማ እናቴ አለቀሰች። ሌላ መካኒክ ቢያየው፣ ቺንጋ የሚባለው የጎማ ቀበቶ ላልቶ ኖሯል። ውሃውን የሚያዞረው ፖምፓ የሚሽከረከረው በዚያ ቀበቶ ነው። አጠበቀው፤ አለቀ። አባቴ በየጠዋቱ ኮፈኑን ከፍቶ ቢያይ ኖሮ ራሱ ያገኘው ነበር።

የሞተር ዘይትም እንደዚሁ ነው። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፤ ሞተሩ ይጥፋ። ጥቂት ቆይታችሁ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ ምዘዙ፣ በጨርቅ ጥረጉ፣ መልሳችሁ ክተቱና እንደገና ምዘዙ። ዘንጉ ላይ ሁለት ምልክት አለ። ዘይቱ በሁለቱ መካከል ከሆነ ደህና ነው። ከታችኛው በታች ከሆነ ግን ሞተሩ ብረት ከብረት እየተፋጨ ይነዳል።

ፍሬን ግን ሌላ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የወረደ ያውቀዋል፤ ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው። በከባድ ማርሽ ካልወረዱ ፍሬኑ ይግላል። ዘይቱ ካረጀና እርጥበት ከጠጣ ይፈላል። ያን ጊዜ ፔዳሉ ቢረገጥ ባዶ ነው። ሚኒባሱ ሰው ጭኗል። ስለዚህ ፍሬንን በቤት የሚነካካ ሹፌር እኔ አልሳፈርለትም። በሬ ሸጦም ቢሆን ለባለሙያ ይስጥ።

ለባለሙያ ስትሰጡም ዝም ብላችሁ አትክፈሉ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ አምጣ በሉት። ቀኑን፣ የኪሎ ሜትሩን ቁጥርና የከፈላችሁትን በደብተር ጻፉ። አባቴ እንዲህ አይጽፍም ነበር፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ለአንድ ባትሪ ሁለት ጊዜ መክፈሉን ያወቅነው በኋላ ነው።

አሁን ደብተራችሁን ያዙና እንውጣ። የአባቴ መኪና በር ላይ ቆማለች። ሞተሩ ከጠፋ ቆይቷል። ዘንጉን መጀመሪያ የሚመዘው ማን ነው? እማማ፣ እርስዎ ይምጡ!