ከባሕር ማዶ የመጣ የፍቺ ወረቀት
(በቅሬያችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኔ ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ በጽሕፈት ሥራ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ እንጂ የሕግ ምሁር አይደለሁም። ዛሬ የምናገረው ግን የራሴን ጥፋት ነውና አድምጡኝ።

በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከተመለሱት አንዱ የኛው አባል ነበር። በዐረብኛ የተጻፈ ወረቀት ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ሚስቴን ጅዳ ሳለሁ ፈትቻለሁ፤ ስሟን ሰርዝልኝ» አለኝ። ጽሑፉን ማንበብ ሳልችል ማኅተሙን ብቻ አይቼ ከመዝገብ ሰረዝኳት። እሱም ሌላ አገባ። ሲሞት ጊዜ ሁለት ሴቶች ከአንድ ድንኳን «ባሌን!» እያሉ ተቀመጡ። ፊተኛይቱ እሱ በስደት ሳለ ማሽላውን እያሳረሰች ልጆቹን ያሳደገች ናት። «ጋሼ፣ ማን ጠርቶ ጠየቀኝ? መቼ ተፈታሁ?» ብትለኝ መልስ አጣሁ። የቅሬው ገንዘብ ለማን ይሰጥ? ቤቱስ የማን ነው?

ከዚያ ወዲያ ሕጉን ጠይቄ ተረዳሁ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 456 ጀምሮ እንደሚለው፣ የውጭ አገር ፍርድ እዚህ የሚፈጸመው የኛ ፍርድ ቤት ሲፈቅድ ነው። ማመልከቻ በጽሑፍ ይቀርባል፤ የተረጋገጠ የፍርዱ ግልባጭና ፍርዱ የመጨረሻ ለመሆኑ የዚያው ፍርድ ቤት ማስረጃ ይያያዛል። ዳኛውም አምስት ነገር ይመረምራል። ያ አገር የኛን ፍርድ ይፈጽማል ወይ? ፍርዱን የሰጠው በሕግ የቆመ ፍርድ ቤት ነው ወይ? ተከሳሹ ቀርቦ እንዲከላከል ዕድል አግኝቷል ወይ? ፍርዱ የመጨረሻ ነው ወይ? የሕዝብን ጸጥታና መልካም ጠባይን አይቃረንም ወይ?

ሦስተኛውን ልብ በሉልኝ። ይህች ሴት ኮቦ ተቀምጣ ጅዳ ስለተፈረደው ምንም አልሰማችም። በክልላችንም የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው።

ነገሩ ወደ ዳኛ ሄደ፤ ገንዘቡንም ውሳኔ እስኪመጣ አቆየነው። እኔ ግን ዳኛ ሳልሆን በአንድ የብዕር ጭረት ፈርጄባት ነበር። በድንኳኑ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ዛሬም በፊታችሁ እጠይቃለሁ።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ያለ አገራችን ፍርድ ቤት ውሳኔ የማንም ሚስት፣ የማንም ባል ስም ከመዝገባችን አይሰረዝ። ባሕር ማዶ ያሉ ልጆቻችሁንም ምከሩ። እዚያ የተፋታ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ወረቀቱን በጅዳ ቆንስላችን ወይም በሪያድ ኤምባሲያችን አረጋግጦ፣ አስተርጉሞ፣ ሌላ ትዳር ሳይዝ ለፍርድ ቤት ያቅርብ። ሁለቱም በሕይወት ሳሉ ያልጠራ ነገር ከሬሳ ጋር አይቀበርም፤ ለልጆች ይተርፋል።

ፈጣሪ ሰላሙን ያውርድልን።