ከቁልፍ የወጡ መጻሕፍት

በብዙ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መጻሕፍቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፈው ይኖራሉ። ምክንያቱ “ልጆች ይቀዱታል” ነው። ይቅደዱታ! የተቀደደ ይለጠፋል።

መጽሐፍ ግን ከቁልፍ ወጥቶ ልጆች ዘንድ ሊደርስ ይችላል። በሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበሩት አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በፈረንጆቹ 2003 ሾላ፣ አዲስ አበባ፣ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። በኋላም ሐዋሳ ላይ መጻሕፍቱ በአህያ ጋሪ ተጭነው ልጆቹ ያሉበት ድረስ ሄዱ።

ትምህርት ቤት ውስጥ ጋሪ አያስፈልግም። መደርደሪያው ዝቅ ይበል፤ የመጽሐፉ ሽፋን፣ ሥዕሉ፣ ወደ ልጁ ይዙር። መምህሯ ልጆቹን ምንጣፍ ላይ ሰብስባ ድምፅዋን እየቀያየረች ታንብብላቸው። ታሪኩ ሲጦፍ ግን መጽሐፉን ትዝጋውና “የቀረውን የፈለገ መጽሐፉን ይዋስ” ትበል። ያኔ ግፊያውን እዩ። ለውሰት መመዝገቢያ አንድ ደብተር ይበቃል፤ እሱንም ተማሪዎቹ ራሳቸው ይያዙት።